ረጪው የማን ሠራተኛ ነው?

ለኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን
ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
ለአማራ ክልል ግብርና ቢሮ

ክቡራን፣

የተወለድኩት ጎጃም፣ ሜጫ ነው፤ ከመራዊ በእግር አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። አሁን ባሕር ዳር አስተምራለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ግን በአስተማሪነቴ አይደለም። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል እያለሁ፣ የዛሬ 20 ዓመት ገደማ፣ ክረምት ክረምት መድኃኒት እረጭ ነበር። ደብተሬንም ጫማዬንም የገዛሁት በዚያ ብር ነው።

መድኃኒት ያልኩት እናንተ በወረቀት ላይ «ፀረ-ተባይ» እና «ፀረ-አረም» የምትሉትን ነው። እኛ ጋ ሁሉም መድኃኒት ነው። የስንዴ መድኃኒት አለ፣ የሽንኩርት መድኃኒት አለ፣ የነቀዝ መድኃኒት አለ። እናቴ ራሷን ሲያማት የምትውጠው መድኃኒት ነው፤ እኔ በጀርባዬ ተሸክሜ የምዞረውም መድኃኒት ነው። እንዲህ ያለ ስም ያለውን ነገር ማን ይፈራዋል?

ረጪ ማለት በሰው ማሳ ላይ በፓምፕ ሒሳብ የሚረጭ ልጅ ነው። ፓምፑ 16 ሊትር ይይዛል። ለአንድ ቃዳ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር ስንዴ ሦስት አራት ፓምፕ ይበቃል፤ ሽንኩርት ከሆነ እጥፍ ይሄዳል። ጎበዝ ልጅ በቀን 15፣ 20 ፓምፕ ያወርዳል። ማታ ተቆጥሮ ይከፈለዋል። በፓምፕ የሚከፈለው ሰው ደግሞ አያርፍም። ነፋስ ተነሣ ብሎ አይቆምም፣ እጁን ልታጠብ ብሎ ወንዝ አይወርድም። ያረፈባት ሰዓት ብር ናት።

የእኔ ፓምፕ ያፈስ ነበር። የክዳኑ ጎማ አልቋል፤ በፌስታል ጠቅልለን እናጠብቀዋለን። ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ቀዝቃዛ ነገር በአከርካሪዬ ይወርዳል። መጀመሪያ ደስ ይላል፣ ሙቀት ነዋ። ትንሽ ቆይቶ ያቃጥላል። ኖዝሉ፣ ማለት የመርጫው ጫፍ፣ ሲደፈን ፈትቼ በአፌ እነፋዋለሁ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ ዛሬም ያደርገዋል። አፍና አፍንጫዬን በሻሽ እጠመጥማለሁ። ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ ሻሹ ራሱ እየራሰ መድኃኒቱን ፊቴ ላይ ለጥፎ ያውለዋል። ማታ አክስቴ ወተት ትሰጠኛለች። «ጠጣው፣ ያረክሰዋል» ትለኛለች። በቆዳ የገባን መርዝ ወተት እንደማያረክሰው ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው። አክስቴን አልወቅሳትም። በኋላ ፋብሪካ ውስጥም ለኬሚካል ሠራተኛ ወተት ሲታደል አይቻለሁ፤ እዚያ ደግሞ «የሠራተኛ ደኅንነት» ይባላል።

በኛ ጊዜ መርጨት የክረምት ሥራ ነበር። የስንዴና የጤፍ አረም ላይ ቱ-ፎር-ዲ ይረጫል፣ ያበቃል። አሁን እንደዚያ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች ሲመጣ በቆሎ የማይረጭበት ቤት ጠፋ። በእጁ ትል እየለቀመ የሚጨፈልቅ ነበር፤ ብዙው ግን ፓምፕ አነሣ። በቆሎው ከሰው ቁመት ሲያልፍ ረጪው ሽቅብ ነው የሚረጨው። ሽቅብ የተረጨ ነገር ተመልሶ የት እንደሚያርፍ ለናንተ አልነግራችሁም።

የቆጋ መስኖ ደግሞ አለ። 7,000 ሄክታር የሚያለማ ግድብ ነው፤ ለሜጫ ትልቅ በረከት ሆኗል። ይህን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። ግን በመስኖ ሽንኩርት መጣ፣ ጎመን መጣ፣ ድንች መጣ፣ የበጋ ስንዴ መጣ። ከነሱ ጋር የበጋ ተባይ መጣ። ሽንኩርት ላይ ትሪፕስ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ሲወጣ በየሳምንቱ የሚረጭ አለ። ያኔ በዓመት ሁለት ወር እንረጭ የነበረውን አሁን ልጆቹ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ይረጩታል። ሥራው በዚህን ያህል ሲያድግ ቁጥጥሩ ግን እኔ እያለሁ የነበረበት ቦታ ላይ ነው።

አሁን ወደዚህ ደብዳቤ ያመጣኝን ነገር ልንገራችሁ።

ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። የአጎቴ ልጅ፣ ያኔ 19 ዓመቱ፣ መሬት ተከራይቶ ሽንኩርት ለሚያለማ ሰው ሲረጭ ዋለ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም «ዓይኔ ደበዘዘብኝ» አለ። ፀሐይ ነው ተባለና ጥላ ሥር አስቀመጡት። ከዚያ ላቡ ይንቆረቆር ጀመር። ምራቁ መቆጣጠር እስኪያቅተው ይዝረከረካል፣ ያስመልሰዋል፣ የክንዱ ሥጋ ለብቻው ይርገበገባል። ቤት ወሰዱት። ቤት ደግሞ ምን ይሰጡታል? ወተት። በወተቱ አንድ ሰዓት ባከነ። እኔ ለበዓል መጥቼ ነበርና ስደርስ በባጃጅ ጭነን ወደ ጤና ጣቢያ በረርን።

ሲስተሯ በባትሪ ዓይኑን አየችው። የዓይኑ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክላለች። «የረጨው ምንድን ነው? ዕቃውን አምጡ» አለች። አንዱ ልጅ በሞተር ሄዶ አመጣው። ያመጣው ሃይላንድ ነው። የውኃ ሃይላንድ፣ ግማሽ ሊትሩ። ከታች ሁለት ጣት የሚያህል ቢጫ ፈሳሽ ቀርቶበታል፤ ሲከፈት የተበላሸ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ላዩ ላይ የታተመው የውኃ ስም ነው። ገበያ ላይ በስኒ ተሰፍሮ የተገዛ ነበር።

ሲስተሯ ለአፍታ ዝም አለች። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ለአንዱ መርዝ የሚሰጠው ለሌላው አይሆንም። ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው የመርዝ ቤተሰብ ከሆነ አትሮፒን የሚባለው ማርከሻ ያድናል። ሌላ ከሆነ ሌላ ነው። ስሙ ስለሌለ በምልክቱና በጠረኑ ገምታ አትሮፒን ሰጠችው፤ እግዜር ይስጣት፣ ግምቷ ልክ ሆነ። ሌሊቱን ወደ ሆስፒታል ተላከ። ተረፈ። እስከ ዛሬ ግን ስኒ ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል።

አሠሪው በሦስተኛው ቀን መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አዝኗል፣ ብርቱካንም ይዟል። «14 ፓምፕ ረጭቶ ነበር» አለና የ14ቱን ቆጥሮ ከፈለ። ሕክምናውን የቻልነው በግ ሸጠን ነው። እኔ አላርፍ ብዬ ወደ ቢሮ ሄድኩ። አንዱ ቢሮ «ይህ የግብርና ጉዳይ ነው» አለኝ። ወደዚያ ስሄድ «የኛ ሥራ ሰብሉ ነው፤ ሠራተኛ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ ነው» ተባልኩ። ተመልሼ ስሄድ «ውል አለው ወይ?» ተባለ። ውል! በፓምፕ ለሚከፈል ልጅ!

ከዚያ ወዲህ ሕጎቹን ቁጭ ብዬ አነበብኩ። እውነቱን ለመናገር ሕግ አጥተን አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ ሠራተኛ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳለው ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪውን በደንብ ይይዘዋል፦ አደጋውን ለሠራተኛው ያስረዳ፣ መከላከያ በራሱ ወጪ ያቅርብ፣ አደገኛ ሥራ ላይ ያለውን በራሱ ወጪ ያስመርምር። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው ይላል። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ 18 ያልሞላውንም አደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራት አይፈቅድም። የእኔ ቢጤ የዘጠነኛ ክፍል ረጪዎች እዚህች ላይ ፈገግ ማለታችን አይቀርም። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ደግሞ ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ አገር ውስጥ እንዳይገባና እንዳይሸጥ ያዛል። ኢትዮጵያ የሥራ ደኅንነትና ጤንነትን የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። ድርጅቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 ጤናማ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ አድርጎ ደንግጓል።

ታዲያ የአጎቴ ልጅ በየት በኩል ሾለከ? በአንዲት ቀዳዳ ነው። አዋጅ 1156 ክፍያ እየተቀበለ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት የሚሠራን ሰው አይመለከትም። የተጻፈው ለኮንትራክተሩ ነበር፣ ለሐኪሙ፣ ለጠበቃው። ዛሬ ግን ማንም ባለማሳ ረጪውን «እሱ የራሱ ሥራ ነው፣ ፓምፑም የራሱ ነው» ብሎ ሊገላገለው ይችላል። የግብርናው አዋጅ ጠርሙሱን ያያል። የሠራተኛው አዋጅ የፋብሪካውን በር ያያል። በሁለቱ መሐል ፓምፕ ተሸክሞ የቆመውን ልጅ የሚያየው የለም።

ስለ ፋብሪካው ብዙ አልልም። ቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ የአበባ እርሻዎችም የራሳቸው የአሠራር ደንብ ወጥቶላቸዋል። ጉድለት ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ግን እዚያ ቢያንስ በር አለ፤ ተቆጣጣሪ የሚያንኳኳው በር። የሽንኩርት ማሳ በር የለውም።

ብዙ ጊዜ ከባለሙያ የምሰማው መልስ ይህ ነው፦ «ጓንትና ማስክ እንስጣቸው፣ እናሠልጥናቸው፣ ራሳቸው ናቸው የማይለብሱት።» እውነት ነው፣ አይለብሱም። እኔም አልለብስም ነበር። በመጋቢት ፀሐይ፣ 16 ሊትር ተሸክሞ፣ የላስቲክ ቱታ ለብሶ ሰዓት የሚቆይ ካለ አሳዩኝና እኔም እማርበታለሁ። የሙያ ደኅንነት ሰዎች ራሳቸው የሚያስተምሩት መጀመሪያ አደጋውን አስወግድ፣ ካልሆነ በቀለለው ተካ ነው፤ ጓንት የመጨረሻው ነው። እኛ አገር ከመጨረሻው ጀምረን እዚያው እናቆማለን። ከዚያ ልጁ ሲወድቅ ጥፋቱ የልጁ ይሆናል።

ስለዚህ ቁጥጥሩ ከልጁ ፊት ሳይሆን ከሱቁ መደርደሪያ ይጀምር ነው የምለው። ስሪላንካ ያደረገችው ይህንኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እጅግ አደገኛ ብሎ የመደባቸውን ፀረ-ተባዮች እ.ኤ.አ. እስከ 1995 ድረስ ከገበያ አስወጣች። እ.ኤ.አ. በ1998 ኢንዶሰልፋን የሚባለውን ፀረ-ተባይ ጨመረች። ከ1995 በኋላ ባሉት አሥር ዓመታት በአገሪቱ ራሱን የሚያጠፋው ሰው መጠን በግማሽ ወረደ፤ ገበሬው ቤት ውስጥ የሚቀመጠው መርዝ ገዳይነቱ ቀንሷላ። የሩዝ ምርቱም በዚህ ምክንያት አልወደቀም። እዚያም ገበሬው ጓንት አያደርግም ነበር።

ሃይላንዱን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ቸርቻሪው በስኒ የሚሰፍረው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሁለት ቃዳ ያለው ገበሬ ሙሉ ሊትር መግዛት አይችልም፤ ቢችልም አያስፈልገውም። «በስኒ መሸጥ ክልክል ነው» ብላችሁ ብትወጡ ሽያጩ ከሱቅ ወደ ጓዳ ይገባል እንጂ አይቆምም። መፍትሔው አስመጪውን በ100 እና በ250 ሚሊ ሊትር አሽጎ እንዲያቀርብ ማስገደድ ነው፤ ለምዝገባው ቅድመ ሁኔታ አድርጉት። እሽጉ ላይ የሚለጠፈው ምልክት በአማርኛ ይሁን፤ ፊደሉም በማጉያ መነጽር የሚፈለግ አይሁን። ከታች ያለችው የቀለም መስመር ደግሞ ምን ማለት እንደሆነች ለሰው ንገሩት። ቀይ ከሁሉም የከፋው ነው፣ ቢጫ ቀጥሎ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ። እኔ ይህን ያወቅሁት ከዩኒቨርሲቲ በኋላ ነው። አንዱ ረጪ ጓደኛዬ የቀለሟን መስመር የፋብሪካው አርማ ትመስለው ነበር። ቢጫውን «የቡናው ቡድን» እያለ ይቀልድበት ነበር፤ ነፍሱን ይማረው።

ረጪውን ግን ሠራተኛ አድርጉት። በመመሪያ ይሁን በደንብ እናንተ ታውቃላችሁ። ባለማሳው፣ በተለይ መሬት ተከራይቶ ለገበያ የሚያለማው፣ በፓምፕም ይክፈል በቀን፣ በማሳው ላይ ለሚረጭ ሰው አሠሪ ነው የሚል አንድ አረፍተ ነገር ይበቃናል። ወደዚያ ስትሄዱ በየቀበሌው ጥቂት የሠለጠኑ ረጪዎችን አደራጅታችሁ ፈቃድ ስጧቸው። የማያፈስ ፓምፕ፣ ትርፍ ኖዝል፣ ሳሙናና የመታጠቢያ ውኃ ይኑራቸው። ትርፍ ኖዝል ስል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሦስት ኖዝል ኪሱ ያለው ልጅ አንዱን በአፉ አይነፋም።

ረጪው ብቻም አይደለም። ሽንኩርት ጠዋት ይረጭና ከሰዓት በኋላ ሴቶች ለአረም ይገባሉ። ቅጠሉ ገና ርጥብ ነው። አንዳንዷ ሕፃን አዝላለች፣ አንዳንዷ ነፍሰ ጡር ናት። ምልክቱ ላይ ማሳው ከተረጨ በኋላ ስንት ሰዓት ሰው እንደማይገባበት ተጽፎ ይገኛል፤ ግን ምልክቱ ሃይላንድ ላይ የለም። ከተረጨ ማሳ ዳር ቀይ ጨርቅ ይሰቀል። በጠላ ቤት ደጅ ቆርቆሮ እንደሚሰቀለው ነው፤ ማንም ያነበዋል፣ ፊደል ያልቆጠረውም።

የነቀዝ መድኃኒትም አለ። ትንሽዬ ፍሬ ናት፤ በየሱቁ ከባትሪ ድንጋይና ከክብሪት ጋር ትሸጣለች። አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። እርጥበት ሲነካት ፎስፊን የሚባል ጋዝ ትተፋለች፤ ሦስት ግራሟ አንድ ግራም ያህል ጋዝ ይወጣታል። ይህ ጋዝ ማርከሻ የለውም። መጋዘን ውስጥ ለወዛደሩ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ጎታው አጠገብ ለሚተኙት ልጆች ነው ስጋቴ። ይቺን ፍሬ ያለ ፈቃድ መሸጥ በምንም ሰበብ ሊፈቀድ አይገባም። ገበሬው ነቀዝ ይብላህ እያልኩም አይደለም፤ አየር የማያስገቡ የእህል ከረጢቶች አሉ፤ ነቀዙ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። ለነሱ ድጎማ አድርጉ።

ለጤና ቢሮም ይህ ደብዳቤ ቢደርስ ደስ ይለኛል። የመስኖ እርሻ ባለበት ወረዳ ሁሉ ጤና ጣቢያ ውስጥ አትሮፒን አይጥፋ። መዝገብ ላይም «በሥራ ላይ የተመረዘ» የሚል ቦታ ይኑር። የአጎቴ ልጅ ካርዱ ላይ «መመረዝ» ተብሎ ነው የተጻፈው። ያንን ካርድ ያየ ሁሉ ራሱን ሊያጠፋ የሞከረ ይመስለዋል። ሰፈር ውስጥ እስከ ዛሬ እንደዚያ የሚያሙት አሉ። እንጀራ ፍለጋ ወጥቶ በወደቀ ልጅ ላይ ይህ ተጨመረበት።

ጊዜው ለቁጥጥር አይመችም ትሉኝ ይሆናል። ጎጃም ውስጥ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ባለሙያ ከከተማ እንደማይወጣ አውቃለሁ፤ እዚሁ ነኝ። ነገር ግን መድኃኒቱ በዚያው መንገድ ገበያው ድረስ ይደርሳል። የእሽጉን መጠን፣ የምልክቱን ቋንቋ፣ የትኛው እንዲገባ የትኛው እንዳይገባ መወሰን ደግሞ አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው። ለዚህ መራዊ መምጣት አያስፈልግም።

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ ልጅ ደውሎልኝ ነበር። ሊያገባ ነው። ጥሎሽ አለ፣ ድግስ አለ። «አንድ ወቅት ብቻ ልርጭና ልተወው» አለኝ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ፓምፕ እንዴት እንደሚይዝ ጠየቅሁት። «በግራ እጄ እይዘዋለሁ» አለ። ምን እንደምለው ጠፋኝ። «አትርጭ» ብለው በምን ያግባ? «ርጭ» አልለውም።

ስለዚህ ለናንተ ጻፍኩ። ለመምጣት ከተመቻችሁ በገበያ ቀን ኑ፤ መናኸሪያው በር ላይ እቀበላችኋለሁ። ገበያ ገብተን አንድ ስኒ የሽንኩርት መድኃኒት እንግዛ። ከዚያ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ሃይላንዱ ላይ የተጻፈውን አብረን እናንብብ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሜጫ ተወላጅ አስተማሪ፣ ከባሕር ዳር